ከቀመር በፊት ሚዛን፦ የኬሚካዊ ስሌት አመጣጥ

ከአንድ ኬሚካዊ ለውጥ የሚገኘውን ውጤት ክብደት ማስላት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠው በታወቀ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀመሩ ይጻፋል፣ እኩልታው ይመዛዘናል፣ ሞሉ ይሰላል። ሚዛኑ ግን ብዙ ጊዜ ከቁም ሣጥኑ አይወጣም። ታሪኩ ሲመረመር አካሄዱ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል።

ፈረንሳዊው ላቯዚየ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከለውጥ በፊትና በኋላ ያለው የቁስ መጠን እኩል መሆኑን ደነገገ። በዚያው ዓመት ስለ ሒሳብና ኬሚስትሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀረበው ጀርመናዊው ሪክተር ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም በውሃ የሟሙ ሁለት ገለልተኛ ጨዎች ሲቀላቀሉ፣ አሲዶቹና ቤዞቹ ጓደኛ ቢለዋወጡም ድብልቁ ገለልተኛ ሆኖ መቅረቱ ነው። እንግዲያው አሲድና ቤዝ የሚዋሐዱት በተወሰነ የክብደት ድርሻ መሆን አለበት፤ ድርሻው ከታወቀም ያልተመዘነውን ከተመዘነው ማስላት ይቻላል። ለዚህ ዕውቀት በ1792 «ስቶይኪዮሜትሪ» የሚል ስም አወጣለት። መጽሐፉ በሒሳብ የታጨቀ በመሆኑ አንባቢው ጥቂት ነበር፤ አሳቡ ሊስፋፋ የቻለው ያገሩ ሰው ፊሸር በ1802 ሰልፈሪክ አሲድን 1000 አድርጎ ሁሉን ባንድ ሠንጠረዥ ካቀረበው ወዲህ ነው። መምህራን ይህን ልብ ቢሉት አይከፋም።

ዳልተን በ1808 አቶምን በዚህ ስሌት ላይ ሲያስገባ፣ ውሃ ከአንድ የሃይድሮጅንና ከአንድ የኦክሲጅን አቶም የተሠራ ነው ብሎ ገመተ። ቀመሩ ስሕተት ነበር። ነገር ግን በዚሁ ቀመር ሃይድሮጅንን 1፣ ኦክሲጅንን 8 ብንል (ዳልተን ራሱ በመለኪያ ጉድለት 7 ነበር ያለው)፣ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክሲጅን ጋር 36 ግራም ውሃ ይሰጣል። በትክክለኛው ቀመር፣ ኦክሲጅንን 16 ብለን ብናሰላም ውጤቱ ያው 36 ነው፤ ምክንያቱም አንድ ለስምንት የሚለው ድርሻ የተገኘው ከሚዛን እንጂ ከቀመር አይደለም። ካኒዛሮ በ1858 የጋዞችን እፍጋት መሠረት አድርጎ ያቀረበው አስተያየት ከ1860ው የካርልስሩኸ ጉባኤ በኋላ ተቀባይነት እያገኘ እስኪሄድ ድረስ፣ ኬሚስቶች በቀመሩ እየተከራከሩ ክብደቱን ግን በትክክል ያሰሉ ነበር።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የምዕራፉ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለሚዛን መዋል ይገባዋል። ተማሪዎች በየቡድኑ ልዩ ልዩ መጠን ያለው ማግኒዚየም መዝነው፣ ክዳን ባለው የሸክላ ጽዋ አቃጥለው፣ ዐመዱን ይመዝኑ። 3 ግራም ማግኒዚየም 5 ግራም ያህል ኦክሳይድ እንደሚሰጥ፣ ይህም ድርሻ በየቡድኑ ተቀራራቢ መሆኑን ያለ አንዳች ቀመር ያገኙታል። ክብደቱ በጥቂቱ ቢያንስ ክዳኑ ሲከፈት የወጣውን ነጭ ጢስ ያስታውሷቸው።