የደጋው ንጉሥና የሰው መርከብ

መጽሐፈ አስቴርን በኅብረታችሁ ስታጠኑ አንድ ክፍተት አስተውላችሁ ይሆን? ንጉሡ ትልቁን ግብዣ ያደረገው በነገሠ በ3ኛው ዓመት ነው፤ አስቴር ወደ እርሱ የገባችው ግን በ7ኛው ዓመት ነው (2፥16)። በመካከሉ የት ነበር?

ብዙ ምሁራን ይህ ንጉሥ ግሪኮች ዜርክሲስ የሚሉት የፋርስ ገዥ ነው ይላሉ። ከሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ግሪክን ሊይዝ ዘምቶ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 በሳላሚስ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ መርከቦቹ ተጨናንቀው ሲሰበሩ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ተመለከተ። ፋርሳውያን የፈረስና የቀስት ሰዎች ነበሩ። መርከቦቹ የፊንቄ፣ የግብፅና የኢዮንያ ነበሩ፤ ተገዢ ሕዝቦች በትእዛዝ ያቀረቧቸው። (መጽሐፉ የግዛቱ ዳርቻ ያደረጋት ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለችው ኩሽ ናት፤ አክሱም ገና አልገነነችም።)

ከሺህ ዓመት በኋላ የእኛም የደጋ ንጉሥ ተመሳሳይ ችግር ገጠመው። በደቡብ ዓረብ የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ የአክሱምን ወታደሮች ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ523 ደግሞ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። አፄ ካሌብ ሊዘምት ቆረጠ፤ ነገር ግን በመካከል ቀይ ባሕር አለ። እናንተ የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ይህ ይገባችኋል። በጥር 23 የሚጋልቡት ፈረሶች የቱንም ያህል ቢያምሩ ባሕር አያሻግሩም።

የናግራን ሰማዕታትን ታሪክ የሚተርከው የግሪክኛ ጽሑፍ መርከቦቹን ከየት ከየት እንደመጡ ይቆጥራቸዋል፦ ከኤላት 15፣ ከቅልዝም 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከህንድ 9። በድምሩ 60። ካሌብ ራሱ ያሠራቸው 10 ብቻ ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ዝርዝር ነው፤ ከጦር መዝገብ ይልቅ የገበያ መዝገብ ይመስላል። አብዛኞቹ ወደ አዱሊስ ለንግድ የሚመላለሱ ሰዎች መርከቦች ናቸው። ዜርክሲስ መርከብ ያገኘው ሌላውን በመግዛት ነው፤ ካሌብ ግን ወደቡ ሰው የሚመጣበት ስለ ነበር አገኘ። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በዚያው ጊዜ አዱሊስ ነበር፤ ንጉሡ ለዘመቻው ሲዘጋጅ እንደ ነበር ጽፏል።

መርከቦቹስ ምን ይመስሉ ነበር? የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚያ ባሕር የሚሄዱት በምስማር አልተመቱም፣ ሳንቃቸው በገመድ የተጠላለፈ ነው ይላል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲታሰር ያየ ሰው ገመድ ውኃ ላይ ምን ያህል እንደሚታመን ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ525 ተሻገሩ። ዩሱፍ ተሸነፈ፤ የዓረብ ትውፊት ፈረሱን ወደ ባሕር ነድቶ ሰጠመ ይላል። ካሌብ በቦታው ክርስቲያን ገዥ ሾመ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ በስብከትም የሰማሁት እንዲሁ ነው። ለወገን መድረስ መልካም ነው፤ ካሌብንም አልነቅፍም። ነገር ግን ዘመቻው የንግድ መንገድንም የገዥነትንም ጉዳይ የያዘ ነበር፤ ካሌብ ከናግራን ግድያ በፊትም ወደ ሒምያር ጦር ልኮ ነበር። በሶርያ ቋንቋ የተጻፈው የሒምያራውያን መጽሐፍ ደግሞ ቀሪውን ይነግረናል። ከመርከብ የወረዱት ወታደሮች የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ ማን ክርስቲያን፣ ማን ጠላት እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ስለዚህ የሒምያር ክርስቲያኖች ሊያድናቸው የመጣው ጦር እንዳይገድላቸው በእጃቸው ላይ የመስቀል ምልክት አደረጉ፤ ወታደር ባገኛቸውም ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩት ነበር።