ገና ለሽበታሙም ነበረ

ቅዳሜ ማለዳ ኳስ የሚጫወቱትን የጤና ቡድን አባላት ስናይ «እነዚህ ደግሞ ዕድሜያቸውን ረሱት እንዴ?» እንላለን። ለእኔ፣ ለመካነ ኢየሱስ ልጅ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም።

በእስቴ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ ሰፈር ከሰፈር ገና ይገጥማል። ጫፉ ቆልመም ያለው ዱላ ራሱ «ገና»፣ ድቡልቡሉ «ሩር» ይባላል። ትውፊቱ እረኞች የጌታን ልደት ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ይላል። የተጫዋች ቁጥርም የዕድሜ ገደብም የለውም፤ ሽበታሙ አባወራ ከጎረምሳ ጋር ይጋፋል። በድሮው ዘመን ጌታና ሎሌም ለዚያች ቀን እኩል ነበሩ። ቅልጥሙን የተመታ እያነከሰ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ሴት ግን ከዳር ቆማ እልል ትላለች። እኔም ቆሜያለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑትም በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያጠናክር ልምምድ እንዲጨምሩ ይመክራል። ይህን ለስኳርና ለደም ግፊት ታካሚዎቼ ስነግር «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜዬ ልዝለል?» ይሉኛል። «አባትዎ ገና ይጫወቱ አልነበር?» ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ዝም ብለው ያስባሉ።

እኛም ብንሆን መካሪዎች እንጂ ተጫዋቾች አይደለንም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን «ተንቀሳቀሱ» የምንል ሐኪሞች ሆነናል። ስለዚህ ለሚቀጥለው መገናኛችን ገናውንና ሩሩን እኔ አመጣለሁ። ሩሩ የጨርቅ ይሁን፤ ቅልጥማችን እንደ ድሮው አይደለም። ሴቶቹም በዚህኛው ከዳር አንቆምም።