ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ የኖረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ፈተና ሲቃረብ ቤተ መጻሕፍቱ አይበቃም። ማልደው የደረሱት ወንበር ላይ ደብተር አኑረው ቦታ ይይዛሉ፤ የዘገየው ባዶ የመማሪያ ክፍል፣ የሕንፃ ደረጃ ወይም የዛፍ ጥላ ፍለጋ ይዞራል። ነገሩ እንደ ተራ የተማሪ ችግር ስለሚቆጠር ታሪክ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔ ግን ታሪክም ፖለቲካም አለው ባይ ነኝ።

በመሠረቱ በአገራችን ከቤት ውጭ ማጥናት ዩኒቨርሲቲ ያመጣው ልማድ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የቀጸለው በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ዛፎች ሥር ነው። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቅኔውን የሚቆጥረው ከጓደኞቹ ራቅ ብሎ፣ ጫካና ገደል ጥግ ይዞ ነው። መምህሩ ትምህርቱን ይሰጣል፤ የማጥኛውን ቦታ የሚያገኘው ግን ተማሪው ራሱ ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርትም ቢሆን የጀመረው በተዘጋጀለት ቤት አይደለም ለማለት ይቻላል። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት መኖሪያቸውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ታግተው የነበሩ ሹማምንት የተረሸኑትም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ያ ቤት የትምህርት ቤት ሆነ። በአሜሪካ ርዳታ ተሠርቶ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ ራሱ፣ እንግዲህ፣ ለሌላ ነገር ከተሠራ ቤት የተገኘ የጥናት ቦታ ነው።

ለመሆኑ ተማሪው ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ምን አገኘ? ቤተ መጻሕፍት ዝምታ ይጠይቃል፤ የዛፍ ሥር ግን ያነጋግራል። ያነበቡትን ለሌላው ማስረዳት፣ ከዚያም መከራከር የሚቻለው እዚያ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ የመሬትን ጥያቄ ከመማሪያ ክፍል ብቻ አልቀሰመውም። ይህን መንግሥትም ተረድቶት ነበር። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል፣ አስከሬኑን ከበው ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ጦር ተኩስ ከፈተ። ደርግ በበኩሉ በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ለሁለት ዓመት ገደማ ዘግቶ፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። የዘመቻው አንዱ ዓላማ ከተማውን ከተማሪ ጥያቄ ማሳረፍ እንደነበር ብዙዎች ጽፈዋል። ዘማቹ ግን በሄደበት ገጠር ከዛፍ ሥር ፊደል አስቆጠረ፤ ስለ መሬትም ከገበሬው ጋር ተወያየ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እነዚያ ዘመናት ግቢውን ባዶ ያደረጉት ከውጭ በመጣ ኃይል ነው። ኃይሉ ሲነሣ ተማሪው ወደ ዛፉ ሥር ይመለስ ነበር። አጠገቡ የሚቀመጠው ተማሪ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ጠላቱ አልነበረምና።

የእኛ ዘመን ፈተና ግን ሌላ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የገበሬው ልጅ ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ ሄዶ እንዲማር አድርጎታል። ይሁን እንጂ በጥቅምት መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተና በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወጡ። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መታገታቸው የወላጅን ልብ ሰበረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በምሽት ባዶ ክፍል ፈልጎ ከማያውቁት ልጅ ጋር በአንድ መብራት ማጥናት የማይታሰብ ይሆናል። ወታደር ለሰሞን የሚበትነውን ጉባኤ፣ ጥርጣሬ ለዓመታት ይበትነዋል።

ስለዚህ የጥናት ቦታ እጥረት ሲነሣ ተጨማሪ ሕንፃ ይሠራ ብቻ ማለት መፍትሔውን ማሳነስ ይመስለኛል። ሕንፃውስ ይሠራ፤ ወንበሩም ይብዛ። ነገር ግን የመማሪያ ክፍሎች በምሽት ክፍት ይሁኑ፤ መብራት ይኑራቸው፤ ከሁሉ በላይ ተማሪዎች በአንድነት መቀመጣቸውን እንደ ሤራ የማያይ አስተዳደር ይኑር። ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከጎፋና ከሐረር የመጡ ልጆች በአንድ ጥላ ሥር አንድ መጽሐፍ ገልጠው መከራከር ካልቻሉ፣ ነገ በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው እንዲስማሙ በምን አፋችን እንጠይቃቸዋለን?

ቸር ይግጠመን።