በቅሎ ተከለከለ፣ ነዳጅ ተፈቀደ

የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. ለጣሊያን እንዳይሸጥ ብሎ ያገደውን የዕቃ ዝርዝር ያነበበ ሰው መገረሙ አይቀርም። ፈረስ አለበት፤ በቅሎ፣ አህያና ግመልም አሉበት። ጎማ፣ ኒኬልና አልሙኒየም ይከተላሉ። አልሙኒየም እንኳ ጣሊያን ራሷ በብዛት የምታመርተው ነበር። ነዳጅ ግን የለም፤ የድንጋይ ከሰልም የለም። በቅሎው ጨርሶ ቀልድ አልነበረም፤ የትግራይን ገደል ያየ ያውቀዋል። ዳሩ ግን የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ ካሚዮኖችና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ገብስ አይበሉም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩን ስትቀላቀል ተስፋ የጣለችው በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 16 ላይ ነበር። ቃሉን ጥሶ ጦርነት ያነሣ አባል በሁሉም ላይ እንደዘመተ ይቆጠራል ይላል። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ሊቃውንት የጋራ ደኅንነት የሚሉት ይህንን ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያንን ጥፋተኛ አላት። እስከዚህ ሕጉ ሠርቷል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የወሰነው ግን ሌላ፣ ከማኅበሩ የቆየ ስሌት ነው፤ የኃይል ሚዛን። ሂትለር ጦሩን በይፋ ማደራጀት ጀምሮ ስለነበር፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሚያዝያ 1927 ስትሬዛ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር መክረው ነበር። ይህን ሰው ማስኮረፍ አልፈለጉም። አሜሪካ አባል ስላልሆነች ነዳጁን እሷ ትሸጥለታለች የሚል ሰበብም ተገኘ። በስዊዝ ቦይ ላይ ግን ሰበቡ አይሠራም፤ እንግሊዝ ጦሯን እዚያው አስፍራ እያለ፣ ወታደር የጫኑት መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ጄኔቭ ላይ ለቃል ኪዳኑ እንደሚቆሙ ተናግሮ ተጨበጨበለት። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ አወጣ። ለኢትዮጵያ ካሣ የታሰበው ወደ አሰብ የሚወስድ ቀጭን መተላለፊያ ነበር፤ የለንደኑ ታይምስ የግመል መንገድ ብሎ ተሳለቀበት። ዕቅዱ ለፓሪስ ጋዜጦች ሾልኮ ሕዝቡ ሲቆጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። የነዳጁ ነገር ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ፤ ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። ላለማስኮረፍ ይህ ሁሉ የተደረገለት ሙሶሊኒም ዓመቱ ሳይዞር ከሂትለር ጋር ገጠመ።

በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ፕሮፌሰር የሆነው ኤድዋርድ ካር፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ኃይልን የዘነጋ ሕግ ሕልም ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን በልኩ የተሰፋ አይመስለኝም። ቦዩም፣ መርከቡም፣ ገበያውም በፈራጆቹ እጅ ነበሩ። የጎደላቸው ፈቃድ ነው። ሙሶሊኒ ራሱ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር ሙኒክ ላይ ለሂትለር መናገሩን፣ አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው ጽፏል።