ጠማቂውና መኪናው

ቴርሞሜትር የሚባለው የሙቀት መለኪያ ወደ ጠመቃ ቤት ሳይገባ፥ የእንግሊዝ አገር ቢራ ጠማቂ ውሃውን አፍልቶ ከገንዳ ከገለበጠ በኋላ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እንፋሎቱ ገለል ብሎለት የገዛ ፊቱን በውሃው ላይ እንደ መስተዋት ባየ ጊዜ፥ ሙቀቱ ልክ ሆነ ብሎ የተፈጨውን ብቅል ይጨምር ነበር። ውሃው ከልክ በላይ ቢሞቅ ብቅሉ ጣፋጭነቱን ሳይሰጥ ይቀራል፤ እጅግ ቢበርድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የጠመቃው ዕጣ ያን ጊዜ ይወሰን ነበር። ይኸንንም ልጅ ከአባቱ፥ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ቆሞ በማየት ይማረው ነበር። ጠላ የምትጠምቅ የኢትዮጵያ ባልቴት የጥንስሱን መድረስ በአፍንጫዋ፥ የድፍድፉን መብሰል በምላሷ እንደምታውቅ፥ ያም በዓይኑ ያውቅ ነበር።

ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ በገዛ ቤታቸው ቢራ በሚጠምቁ ሰዎች መካከል አንድ ክርክር አለ። ውሃውን ራሱ የሚያሞቅ፥ ሰዓቱን ራሱ የሚቆጥር መኪና ስለ ተገኘ፥ የጠመቃው ደስታ ከጠማቂው እጅ ወጣ የሚሉ አሉ፤ የቀረው ድካሙ ነው እንጂ ደስታው አይደለም የሚሉም አሉ። (ስለ ስካር የሚነገረው ሌላ ነገር ነው፤ የራሱን ገጽ ይሻል።) ክርክሩ ለዛሬዎቹ አዲስ ይምሰላቸው እንጂ፥ ሥሩ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት የተተከለ ነው።

ማይክል ኮምብሩን የተባለ እንግሊዛዊ ጠማቂ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1762 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጠመቃ በቴርሞሜትር እንዲሠራ አስተማረ። (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው።) በሃምፕሻየር አውራጃ በአልተን ከተማ የነበረ ጄምስ ባቨርስቶክ የተባለ ወጣትም ይኸን መለኪያ ወደ አባቱ ጠመቃ ቤት አገባው፤ አባቱ ግን ነገሩን አልወደደለትምና ልጁ እየሸሸገ ይሠራበት ነበር። ቆይቶም ሃይድሮሜትር የሚባለውን፥ በፈሳሽ ላይ ተንሳፎ የፈሳሹን ክብደት የሚገልጸውን መሣሪያ ገዝቶ በብቅሉ ጭማቂ ላይ ፈተነው። ወደ ለንደን ወርዶ ለታላቁ ጠማቂ ለሳሙኤል ዊትብሬድ ቢያሳየው፥ ዊትብሬድ ንቆ ወደ ሥራው እንዲመለስ መክሮ ሰደደው፤ ሄንሪ ትሬል የተባለው ሌላው የለንደን ጠማቂ ግን በደስታ ተቀበለው። እንግዲህ ከአባቱ ተደብቆ መሣሪያውን የሚፈትን ልጅ የጠመቃ ደስታ ተወሰደበት ሊባል እንዴት ይቻላል? የጉባኤ ቃና ቤት ሁለት መሆኑን ማወቅ ቅኔውን አያስቀረውም፤ ልኩን የሚያውቅ ተማሪ ሐሳቡን ሁሉ ለምሥጢሩ ይሰጣል እንጂ።

ሆኖም መለኪያው ያጠፋው ነገር አልነበረም ማለት አይቻልም። ጆን ሪቻርድሰን የተባለ የሃል ከተማ ሰው ሃይድሮሜትሩን ለጠመቃ አመቻችቶ በ1784 መጽሐፍ ካወጣ በኋላ፥ ጠማቂዎች ሁሉ ብቅላቸውን ይመዝኑ ጀመር። ፖርተር የተባለው የለንደን ጥቁር ቢራ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይጠመቅ የነበረው በእንጨት እሳት ከጠቆረ ብቅል ነበር። ያ ብቅል በዋጋ ርካሽ ነበረ፤ ነገር ግን በመሣሪያው ሲመዘን የሚሰጠው ጣፋጭ ጭማቂ ከነጣው ብቅል እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴ ናቸውና ጥቁሩን እየተዉ ወደ ነጣው ዞሩ። ቢራውም ቀለሙ ገረጣ፥ ጣዕሙም ተለወጠ። በ1817 ዳንኤል ዊለር የሚባል ሰው ብቅልን በሚሽከረከር የብረት በርሜል ውስጥ እንደ ደረቆት አክስሎ ማጥቆርን እስኪያወጣ ድረስ፥ ለቀለሙ ሲሉ ብዙ ዓይነት ነገር ይጨምሩበት ነበር። ቀለሙ ተመለሰ፤ የቀድሞው ጣዕም ግን ያው አልነበረም። መሣሪያው የሚመዝነው ጣፋጩን ብቻ ነበረና፥ ያልተመዘነው ነገር ተቆጣሪ አጥቶ ጠፋ። ይኸም የመሣሪያው በደል አይደለም፤ ከሚቆጠረው በቀር ሌላ እንዳይጠይቅ ራሱን ያስለመደው ሰው በደል ነው።

ያ መሣሪያውን የናቀው ዊትብሬድ በ1785 የእንፋሎት መኪና አስተከለ፤ ንጉሡ ጆርጅ ሣልሳዊም በ1787 ከንግሥቲቱ ጋራ ሊያዩት መጡ። መኪናው ብቅል የሚፈጨውን መንኰራኵር ያዞሩ የነበሩትን ፈረሶች ተካ። ፈረሶቹ ከመንኰራኵሩ ስለ ተፈቱ ያዘነ ጠማቂ የለም። በኢትዮጵያም የወፍጮ መኪና በየከተማው በተተከለ ጊዜ፥ ሌሊት ተነሥታ በእጅ ወፍጮ ትፈጭ የነበረች ሴት ክንዷ ዐረፈ እንጂ ጠላዋ አልቀረባትም። ጋኑን በወይራ የምታጥን፥ ጌሾውን የምትመጥን እርሷው ናት።

የእንግሊዝን የቤት ጠመቃ ያዳከመው ከመኪናው ይልቅ ሕግ ነው። በ1880 በግላድስቶን ዘመን በቤት የሚጠምቅ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ተደነገገ፤ ድንጋጌውም የተነሣው በ1963 ነው። በአሜሪካም መንግሥቱ ለቤት ጠማቂ ቢራን የፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ፈርመው ነው።

ከዚህ በኋላ የዛሬው ክርክር መጣ። በሲያትል ከተማ የተቋቋመ ፒኮብሩ የተባለ ኩባንያ በ2013 ዛይማቲክ የሚባል መኪና ለሕዝብ አቀረበ። ሰውየው ብቅሉንና በጌሾ ፈንታ ምሬት የሚሰጠውን ሆፕስ ከጨመረ በኋላ፥ ውሃውን ማሞቅና ማዘዋወር የመኪናው ሥራ ነበረ። ቀጥሎ የወጣው ታናሹ መኪና ደግሞ ተመጥኖ የታሸገ ጥቅል የሚቀበል ሆነ፤ የአጠማመቁንም ትእዛዝ ከኩባንያው በኢንተርኔት ይቀበል ነበር። የባቨርስቶክ መለኪያ ለጠማቂው ይነግረው ነበር፤ ይህ ግን ለመኪናው እንጂ ለጠማቂው አይነግርም። ፍርዱም ትእዛዙን ወደሚሰድደው ኩባንያ ሄደ። ለጠማቂው የቀረው እርሾውን ጨምሮ መጠበቅ ነው፤ እርሾ በማንም ትእዛዝ አይቸኩልምና።

በ2020 ኩባንያው ከሠረ፥ ተዘጋም። ትእዛዝ የሚሰድድላቸው ሲያጡ መኪኖቹ ዝም ሊሉ ሆነ። ያን ጊዜ ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ የመኪናውን ቋንቋ መርምረው፥ በኩባንያው ፈንታ ትእዛዝ የሚሰጥ ፕሮግራም በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ለሌሎቹም በነጻ አካፈሉ። የጠመቃውንም ሙቀትና ሰዓት ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ይወስኑ ጀመር።