የግድ ምዕራፍና የውድ ምዕራፍ

ጌታችን በተራራ ሲያስተምር፥ አንድ ምዕራፍ ያህል ያስገደደህ ሰው ቢኖር ሁለት አብረኸው ሂድ ብሎ ያዘዘውን (ማቴዎስ 5፥41) ብዙ ሰባክያን ስለ ትዕግሥት ብቻ እንደ ተነገረ አድርገው ያልፉታል። ቃሉ የተነገረበትን ዘመን ሥርዐት ያላወቀ ግን የትእዛዙን ክብደት አያገኘውምና አስቀድመን ታሪኩን እንናገራለን።

ማስገደድ ተብሎ የተተረጐመው የጽርዕ ቃል «አንጋሬዎ» ነው። በመጽሐፈ አስቴር 8፥10 የንጉሠ ፋርስን ደብዳቤ በፈረስ የሚያደርሱ መልእክተኞች ይነገራሉ፤ ሄሮዶቱስም የዚያን የመልእክት ሥርዐት ስም «አንጋሬዮን» ብሎ ጽፎታል። ኋላ በሮማውያን ጊዜ ቃሉ ባላገሩን ከነአህያው ይዞ ሸክም ለማሸከም ሆነ። የግእዙ ወንጌል «ዐበጠ» የሚለው ይህን ነው። ምዕራፍ የተባለውም በጽርዑ «ሚልዮን»፥ ሺህ ርምጃ ማለት ነው፤ ርምጃው አንዱ እግር ተነሥቶ ያው እግር ተመልሶ እስኪያርፍ ይቈጠራልና በዛሬው መለኪያ 1480 ሜትር ያህል ይሆናል።

ግዳጁ ምን ያህል የከበደ እንደ ነበረ የገዢዎቹ ዐዋጅ ራሱ ይመሰክራል። በጢባርዮስ ቄሣር መንግሥት መጀመሪያ የገላትያ ገዢ ሶቲድዮስ ስትራቦን በሮማይስጥና በጽርዕ በድንጋይ ባስቀረጸው ዐዋጅ፥ የሳጋላሶስ ከተማ ሰዎች ለመንግሥት መንገደኞች 10 ሠረገላና ያንኑ ያህል በቅሎ እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ በተወሰነው ርቀት ለሠረገላ 10፥ ለበቅሎ 4 አስ የሚባል የናስ ገንዘብ እንዲከፈላቸውም ቈረጠ። ይህን ያወጣው ሥርዐት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ የነበረውን ሥርዐት የሚጥሱ ስለ በዙ ነው። ጀርማኒቆስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ19 ዓ.ም. በግብጽ፥ የግብጽ ገዢ የነበረው ኤሚልዮስ ሬክጦስም በ42 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ማንም ሰው ሕዝቡን እንዳያስገድድ ዐውጀዋል። በየጊዜው መከልከል ካስፈለገ ድፍረቱ አለመቆሙ ይታወቃል። የሮም ሕግ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ማስኬድን ይከለክል ነበር የሚሉ አሉ፤ በእነዚህ ዐዋጆች ግን እንዲህ ያለ ወሰን አልተጻፈም።

ኤጲክጤጦስ የተባለው ፈላስፋ፥ እርሱም ባርነትን ያየ ሰው ነው፥ ወታደር አህያህን ቢይዝብህ ልቀቅለት፤ ብትታገለው ተደብድበህም አህያውን ታጣለህ ብሎ መክሯል። ምክሩ የብልህ ነው፤ ከዱላ ያድናል። ጌታ ግን ከዚህ አልፎ «አብረኸው» አለ። ስለ ምን ቢሉ፥ በፊተኛው ምዕራፍ ባላገሩ የወታደሩ ከብት ነበረ፤ በሁለተኛው ግን ጓደኛው ነው። የፊተኛውን ቄሣር ወስዶታል፤ ሁለተኛውን ሊያዝበት የሚችል የለም። አንድም ወታደሩ ራሱ በዚያ ባላሰበው መንገድ፥ ማን ነው ይህ ሰው፥ ብሎ ሊጠይቅ ይገደዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን ድርጎና ሁዳድ በነበረ ጊዜ የባላገሩ ጫንቃ ይህን ሁሉ ያውቀው ነበር። ዛሬም ቢሆን አንድ አለቃ፥ የወር ቀለቡ ሳይሰጠው ለቀረ ዲያቆን ይህንኑ ጥቅስ ሲጠቅስበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዲያቆኑ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጌታ ግን የተናገረው ለተሸካሚው ነው እንጂ ለአሸካሚው አይደለም። ሁለተኛውን ምዕራፍ በትእዛዝ የሚጠይቅ ሰው ያንኑ የፊተኛውን አረዘመው እንጂ ሁለተኛ አላደረገውም። ለአሸካሚዎቹ ዮሐንስ መጥምቅ አስቀድሞ ተናግሯቸዋል፤ ወታደሮች ምን እናድርግ ብለው ቢጠይቁት ማንንም እንዳይበድሉ፥ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው (ሉቃስ 3፥14)።

ያው «አንጋሬዎ» የሚለው ቃል በወንጌል ዳግመኛ የሚገኘው በዕለተ ዓርብ ነው። የቀሬናው ስምዖን ከገጠር ሲመጣ ወታደሮች ይዘው መስቀሉን አሸከሙት (ማቴዎስ 27፥32)። ወዶ አልመጣም፤ መንገደኛ ነበረ። ማርቆስ ግን ታሪኩን ሲጽፍ የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት ይለዋል (15፥21)። እነማን እንደ ሆኑ አይናገርም፤ ሊያነቡት ያሉት ሰዎች ልጆቹን የሚያውቋቸው ይመስላል። በዕለቱ በግድ የተያዘው ሰው ልጆች በምእመናን ዘንድ በስማቸው እስኪታወቁ ድረስ በዚያ ቤት ምን እንደ ሆነ ወንጌል አልጻፈም። ስምዖን ጎልጎታ ደርሶ መስቀሉን ካወረደ በኋላ ወዲያው ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ሆነ፥ ወይም ቆሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቶ እንደ ሆነ፥ ይህም አልተጻፈም።