የአኝዋክ መሳፍንት የትውልድ ቈጠራና የጨሌው ምስክርነት

በደጋው አገራችን የዘር ሐረግ በተለይ ስለ ሁለት ነገር ይቈጠር ነበር፤ አንደኛው ዘመዳሞች እስከ ሰባት ቤት እንዳይጋቡ፣ ሁለተኛው ስለ ርስት ክርክር ነው። ርስት በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ እስኪቀር ድረስ ተከራካሪው በእናቱም በአባቱም በኩል ቈጥሮ መሬቱን ካቀናው አባት መድረስ ነበረበት። ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ተመራማሪ ግን ይሳሳታል፤ በአኝዋክ መሳፍንት ዘንድ ትውልድ የሚቈጠረው ስለ መሬት ሳይሆን ስለ ጨሌ ነውና።

እንደ አበው ትረካ የመሳፍንቱ የመጀመሪያ አባት ኦቹዶ ከወንዝ የወጣ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ዓሣ ሲጣሉ ፈረደላቸው፤ ከዚያም ወደ ቹዋይ መንደር ተወሰደ። የቹዋይ ልጅ ኮሪ ከእርሱ ጊሎን ወለደች። ኡቹዎክ የተባለው የከበረ ጨሌም ከኦቹዶ ጋራ እንደ መጣ ይነገራል። ስለዚህ ቈጠራው ወደ ላይ ሲወጣ ከሰው አባት ሳይሆን ከውሃ ላይ ይቆማል።

እንግሊዛዊው ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 በአኝዋክ መካከል ተመላልሶ ጥናቱን በ1940 አሳተመ። ከጥናቱ እንደምንረዳው ጨሌውን ያላጠለቀ መስፍን ልጅ ጨሌውን ለመጠየቅ መብት የለውም። እንዲህ ያለው ቤት ቀስ በቀስ ከተራው ሕዝብ ይቀላቀላል። እንግዲህ በቃል የተጠበቀው ዝርዝር የተወለዱትን ሁሉ አይደለም የሚያስታውሰው፤ መብታቸውን ያላስቀሩትን ነው እንጂ።

በዚህ ላይ የቅኝ ግዛት ዘመን ሌላ ችግር ጨመረ። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል የአኝዋክን አገር በወሰን ከፈለው፤ በባሮ ዳርም ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። ያ ጣቢያ እስከ 1949 ዓ.ም. በጋምቤላ ቆየ። በ1904 ዓ.ም. የእንግሊዝን ጦር በአዶንጋ አጠገብ የወጋው አኩዌ ዋ ቻም ከሞተ በኋላ፣ የሱዳን መንግሥት በጨሌው ዝውውር እጁን አስገባ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ጨሌ ያጠለቁ ሰዎች ስም ብቻውን የጥንቱን ሥርዓት አይመሰክርም።

ስለዚህ ተማሪው «የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም። ጨሌውን ማን እንዳጠለቀ፣ ከወንድማማቾቹም ማን እንደ ቀረ ይጠይቅ። የመሳፍንት ልጆች ብዙ ጊዜ በእናታቸው ወንድሞች መንደር ያድጉ ነበርና የእናትን መንደር ይመዝግብ። የአንዱን ቤት ቃል ከወሰኑ ማዶ ካለው ዘመድ ቃል ጋራ ያስተያይ፤ የጠፋው ስም በአንዱ ዳር ባይገኝ በሌላው ይገኝ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ከደረሰው ግድያ በኋላ ብዙ አኝዋኮች ወሰን ተሻግረው ተሰደዋል። ቈጣሪው ሽማግሌ ከመንደሩ ሲለይ የሚሰማውና የሚያርመው ያጣል፤ እርማት ያጣ ቈጠራም ሳይውል ሳያድር ይጐድላል።